መሪጌታው በወይራም ኮረኮንች

መሪጌታ ገብረ ሕይወት ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ሳይክል መንዳት የተማሩት ወደው አልነበረም፤ በቅሏቸው ሞታባቸው ነው።

ቤታቸው ከወይራም ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከማርያም ደብር አጥር ሥር ነው። እዚያ ቅኔ ያስተምራሉ። ከሐይቁ ማዶ ያለው የሚካኤል ደብር መምህሩ ካረፉ ወዲህ ደግሞ፣ «የኔታ፣ ጉባኤው እንዳይታጠፍ» ተብለው ተለምነው የዚያንም ተማሪዎች ይዘዋል። ማዶ ይባል እንጂ ውሃውን የሚሻገር የለም፤ ዳር ዳሩ ደንገል ነው፣ ታንኳ አያስገባም። በዙሪያው መሄድ ግድ ነው። በቅሏቸው በሕይወት ሳለች ይህ ችግር አልነበረም። እሷ መንገዱን ታውቃለች፣ እሳቸው ውዳሴያቸውን ይደግማሉ፣ ሳያስቡት ሚካኤል ይደርሳሉ።

ነሐሴ ላይ በቅሎዋ ሆዷን ታማ ሞተች። ሌላ እንዳይገዙ የበቅሎ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ባጃጅ እንዳይጠሩ ባጃጅ አይገባም። በሐይቁ ዳር የሚዞረው መንገድ የሐይቁ ግድብ ለመስኖ ከፍ ሲደረግ የተጠረገ ኮረኮንች ነው፤ አፉ ላይ የብረት አጥር ተጋድሞበታል፤ ከእግረኛ፣ ከከብትና ከሳይክል በቀር የሚያልፍበት የለም። ስለዚህ መሪጌታ በእግራቸው ተያያዙት። ጳጉሜን ሳይወጣ ቀኝ ጉልበታቸው እንደ ቅል አበጠ።

«አንቱ ሰው፣ ይቅርብዎ» አሏቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ እህተ ማርያም፣ ጉልበታቸውን በሞቀ ውሃ እያሹ። «የሚካኤልን ልጆች ወደዚህ ይጥሯቸው።»

«የት ላሳድራቸው? የምን እህል ላብላቸው? እዚያ ሰፈሩ ይመግባቸዋል። እኔ ከቀረሁ ይበተናሉ።»

ነገሩ በዚህ ላይ ሳለ የመሪጌታ የእህት ልጅ ታንጉት መጣች።

ታንጉት ፍኖተ ሰላም የስፖርት መምህርት ናት። ባሕር ዳር ስትማር የለመደችውን ሳይክል አልተወችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር በማንኩሳ በኩል ወጥታ ወይራም ዳር ትነዳለች። መኪና የለ፣ ጡሩምባ የለ፣ አቧራ የሚያለብስ የለ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረው። ኮረኮንቹ ሐይቁን ሊዞር ምንም ሳይቀረው የማርያም ደን ጋ ሲደርስ ይቆማል። በደኑ ውስጥ የምእመናን የእግር መንገድ አለ፤ ከደኑ ወዲያ ኮረኮንቹ እንደገና ይቀጥላል። ሳይክለኞቹ ግን በደኑ ማለፍ ስላልተፈቀደላቸው ዙሩን ለመጨረስ የቡሬን አስፋልት መያዝ አለባቸው፤ አስፋልቱ ደግሞ የሲኖትራክ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዱ መኪና በጣም ተጠግቶ ሲያልፍ ከመካከላቸው አዋላጅ ነርሷን ሰርካለምን ቦይ ውስጥ ጥሏት፣ ክንዷ ተሰብሯል።

በመስከረም መጀመሪያ ታንጉት ሰበካ ጉባኤው ፊት ቀርባ በደኑ እንዲያሳልፏቸው ለመነች። ሊቀ መንበሩ አያ ላቀው፣ በበርበሬና በበቆሎ አዝመራቸው የታወቁ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ ገበሬ፣ ጭራቸውን አንዴ ወዘወዙና፣ «ደን መጫወቻ አይደለም ልጄ» አሉ። በቃ። መሪጌታ ገብረ ሕይወትም እዚያው ተቀምጠው ነበር፤ መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ።

ከጉባኤው ሲወጡ ታንጉት እንባዋ ቀርቦ ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎም ዝም አሉ?»

«ደኑ የእመቤቴ ነው ልጄ። ምን ልበል?»

«እመቤቴ ሰርካለምን አስፋልት ላይ ሂጂ አለቻት?»

ወዲያው ሰማዩ ተቀደደና ዶፉ ወረደ። ታንጉት እስከ ማታ ጠብቃ፣ ሳይክሏን ከእህል ጎተራው አጠገብ አስደግፋ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሚኒባስ ተሳፍራ ተመለሰች።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ መሪጌታ ጎተራው ጋ ቆመው ያቺን ብረት አዩዋት። ኮርቻ አላት። መሪ አላት። አትበላም፣ ሆዷን አታምም። ዙሪያዋን ዞሩ። ኮርቻዋን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ በቅሎ እንደሚያባብል ሰው።

«እህተ!» ብለው ተጣሩ። «እስቲ ነይ ያዥልኝ።»

«ምኑን?»

«ከኋላ ያዥልኝ አልኩሽ እንጂ።»

ወይዘሮ እህተ ማርያም አማተቡ፤ ግን ያዙ። ከቤቱ ጀርባ ያለው አውድማ መውቂያው ስላልደረሰ ባዶ ነበር፤ ሣር አልብሶታል፣ ለመውደቅም ይመቻል። መሪጌታ ወጡ። ወደቁ። ወጡ። ወደ ግራ ወደቁ። ሦስተኛው ላይ ጋቢያቸው ካቴናው ውስጥ ገብቶ ሳይክሏም እሳቸውም ሚስታቸውም አንድ ላይ ተጠቀለሉ። ወይዘሮ እህተ ማርያም ከሥር ሆነው ሲንቀጠቀጡ መሪጌታ የሚያለቅሱ መስሏቸው ደነገጡ፤ ለካ በሳቅ ነው።

«ሠርጋችን ዕለት እንኳ እንዲህ አልሳቅሁም» አሉ ሴትዮዋ፣ ሣር ከነጠላቸው እየለቀሙ። «በሉ ጋቢውን ያውልቁና እንደገና።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታንጉት ሳይክሏን ልትወስድ ስትመጣ ጎማው ጭቃ በጭቃ፣ መሪው ጠምሞ፣ አንዱ ፔዳል ተንጋዶ አገኘችው። ወደ አጎቷ ዞር አለች። መሪጌታ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ወይዘሮ እህተ ማርያም ግን መዋሸት አይችሉበትም፤ «አጎትሽ ሰተት ብለው እስከ ባሕር ዛፉ ይደርሳሉ፤ መመለሱ ነው እምቢ ያላቸው» አሉ።

ታንጉት ኩርፊያዋን እዚያው ጣለችው። መሪውን አቃናች፣ ኮርቻውን ዝቅ አደረገች፣ የሱሪያቸውን እግር በገመድ ጠፍንጋ አሰረች፣ እስከ ምሳ ድረስ አውድማውን እየሮጠች አሠለጠነቻቸው።

«ጋሼ፣ ጎማውን አይዩት! ወደሚሄዱበት ይዩ!»

«ካላየሁት መች መሄዱን አውቃለሁ?»

«ይሄዳል! እሱ ሥራውን ያውቃል። እርስዎ አሻግረው ይዩ!»

አሻግረው ሲያዩ እውነትም ሄደ። ማዞሩም መጣላቸው። ታንጉት ሳይክሏን እንደገና ጎተራው ሥር ትታላቸው፣ ለራሷ ከጓደኛዋ ተውሳ ሄደች።

የመጀመሪያ ጉዟቸውን ለማንም አልተናገሩም። አንድ ማለዳ፣ ጉም ገና ከውሃው ላይ ሳይነሣ፣ መጽሐፋቸውን በአንገታቸው አንግተው፣ ጥምጥማቸውን አጥብቀው፣ ሳይክሏን እየሳቡ ኮረኮንቹ ላይ ወጡ። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ሰው የለም። ተፈናጠጡ።

ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ገብስ ቆሎ ይንጣጣ ጀመር። በስተ ቀኝ ደንገሉ፣ በስተ ግራ ዐደይ አበባ የወረረው ሜዳ። በበቅሎ ሲሄዱ ዓይተውት የማያውቁት ነገር አልነበረም፤ አሁን ግን ሁሉም ወደ እሳቸው የሚመጣ መሰላቸው። ዝዮች ከመንገዱ ዳር ተነሥተው ከጎናቸው ዝቅ ብለው በረሩ፤ ጥቂት አብረዋቸው ከሄዱ በኋላ ወደ ውሃው ታጠፉ። ጉልበታቸውን አሰቡት፤ አላመማቸውም። ነፋሱ ጢማቸውን ለሁለት ከፈለው። መሪጌታ ገብረ ሕይወት፣ በማኅሌት ላይ እንኳ ፈገግ ሲሉ የማይታዩ ሰው፣ ብቻቸውን ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ራሳቸው ሲሰሙት አፈሩና ውዳሴያቸውን ጀመሩ።

ሚካኤል ሲደርሱ ተማሪዎቹ ከየጎጇቸው ገና እየወጡ ነበር። መምህራቸውን በሁለት ጎማ ላይ ሲያዩ አንዱ የያዘው ቅል ከእጁ ወደቀ።

«የኔታ! በምን መጡ?»

«በእግዚአብሔር ቸርነት» አሉ መሪጌታ፣ ሳይክሏን ከወይራው ግንድ ላይ እያስደገፉ። «በሉ፣ ትናንት የቆጠራችሁትን ቅኔ አምጡ።»

ከዚያ በኋላ ሳምንቱ ሲዞር እሳቸውም ዞሩ። ወሬውም ዞረ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንደሚባለው፣ «የቅኔው መምህር በብረት ፈረስ ይጋልባል» የሚለው ማንኩሳ ገበያ ሳይደርስ አልቀረም። መሪጌታ የሚመለከታቸው ሰው በሌለበት ሰዓት ለማለፍ ይጥሩ ነበር። አንድ ረቡዕ ግን ትምህርቱ ረዘመባቸውና ገበያተኛ በሚመለስበት ሰዓት ተነሡ።

ከሚካኤል በታች ኮረኮንቹ ወደ መስኖው ቦይ ቁልቁል ይወርዳል። መሪጌታ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ከታች ሴቶች ቅርጫታቸውን ተሸክመው ሲመጡ፣ ከኋላቸውም አያ ላቀው በበቅሏቸው ላይ ሆነው ሲከተሉ አዩ። ደነገጡ። ሲደነግጡ ጎማውን አዩ። ጎማውን ሲያዩ ፍሬኑን ረሱ። ሴቶቹ «ኧረ በማርያም!» ብለው ግራና ቀኝ ተከፈሉ፤ መሪጌታ በመካከላቸው እንደ ጥይት አልፈው ቦዩ ውስጥ ገቡ። ጥምጥማቸው ለብቻው ተንሳፈፈ።

መሪጌታ ከጭቃው ውስጥ ብቅ ሲሉ፣ ደህና መሆናቸው ሲታይ፣ ከሴቶቹ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌላዋ አልቻለችም። ሳቁ ፈነዳ። የቅኔ ሰው በሰው ፊት ሲዋረድ ዝም አይልምና መሪጌታ ከነጭቃቸው ቆመው፣ ጣታቸውን ወደ ቁልቁለቱ ቀስረው ተቀኙ፤

«በዚያ ቁልቁለት ላይ ሲጣደፍ የሚያልፍ፣
ፍሬን ያልያዘ ነው ወድቆ የሚረግፍ።»

ሴቶቹ የጎጃም ሴቶች ናቸው፤ ማንም አላብራራላቸውም። ፍሬ ያልያዘ አበባ እንደሚረግፍ ያውቃሉ፤ ፍሬን ያልያዘ መሪጌታ ሲረግፍም አሁን አይተዋል። እልልታው ሐይቁን ተሻግሮ ተሰማ። ጥምጥማቸውን አውጥተው የጨመቁላቸውም እነሱ ናቸው።

አያ ላቀው ግን አልሳቁም። ከበቅሏቸው ሳይወርዱ፣ «የኔታ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉባኤ አለ» ብለው አለፉ።

እስከ እሑድ ነገሩ መሪጌታን እንቅልፍ ነሳቸው። ከመምህርነታቸው ይነሡ እንደሆነ ፈሩ። ከዚያ በላይ ግን ሌላ ነገር ከነከናቸው። ታንጉት ስትለምን ዝም ያሉት ደኑን ፈርተው ነበር ወይስ አያ ላቀውን? መንገዱን ሳያውቁት መፍረድ ቀሏቸው ነበር። አሁን አውቀውታል። ለታንጉት ስልክ ደወሉና፣ «እሑድ ነይ፤ ያችንም ክንዷ የተሰበረችውን ይዘሽ ነይ» አሏት።

ጉባኤው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተቀመጠ። ታንጉትና ሰርካለም ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። አያ ላቀው ቀጥታ ገቡበት።

«የኔታ፣ እኛ መሪጌታ ያልንዎ ለማኅሌት መሪ እንዲሆኑልን ነው። አሁንስ የብረት መሪ ጌታ ሆነዋል ይባላል። እውነት ነው?»

አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። መሪጌታ ተነሡ።

«እውነት ነው አያ ላቀው። ገና ጌታው አልሆንሁም እንጂ፤ ረቡዕ ዕለት እሱ ነበር ጌታዬ።»

አሁን የዋጠውም ያልዋጠውም ሳቀ። መሪጌታ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

«በቅሎዬ ሞተች። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። የሚካኤል ልጆች ሊበተኑ ነበር። በዚህች ብረት አልተበተኑም። ነውሩ የቱ ላይ ነው?»

«ነውር አላልሁም» አሉ አያ ላቀው፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እርስዎ ሐይቁ ዳር ይንዱ፤ ማን ከለከለዎ? እኔ የምፈራው ደኑን ነው። እነዚህ ልጆች ዛሬ በደኑ እንለፍ ይላሉ። ግድቡ ሲሠራ የመጡት ሰዎችም ለትንሽ ጊዜ እንለፍ ነው ያሉት። ዶዘሩን ፊት ለፊቱ ቆሜ እስክመልሰው ድረስ ስንት ጥድ እንደጣለ አይታችኋል። አባቴ የተቀበረው በዚያ መንገድ ዳር ነው። ዛሬ ሳይክል፣ ነገ ሞተር፣ ከነገ ወዲያ ሲኖትራክ።»

እኒህን ሰው ለዚህን ያህል ጊዜ ግትር ይሏቸው የነበሩት ሁሉ አቀረቀሩ። ታንጉትም አቀረቀረች። ያኔ ሰርካለም ተነሣች፤ በሹራቧ ሥር ክንዷ ገና በጨርቅ ታስሯል።

«አባቴ፣ እኔም የምሸሸው ሲኖትራኩን ነው» አለች። «እርስዎ በደኑ ላይ የፈሩትን እኔ በክንዴ አይቸዋለሁ። ሌላ አልጨምርም።»

አያ ላቀው ክንዷን አዩት፤ ጭራቸውንም ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። መሪጌታ አጋጣሚውን አላሳለፉትም።

«አያ ላቀው፣ አንቱ በበቅሎ መጥተው የማርያም አጥር ዘንድ ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ?»

«እወርዳለሁ።»

«ለምን?»

«ምን ማለትዎ ነው? በታቦት ፊት ተቀምጦ የሚያልፍ አለ?»

«ከወረዱስ በኋላ በቅሎዋን ምን ያደርጓታል?»

«እስባታለሁ።»

«እንግዲህ እነሱም ይውረዱ። ይሳቡ። ደኑን በእግራቸው ይለፉ፣ ተሳልመው ይለፉ፣ ከደኑ ሲወጡ ይፈናጠጡ። ሥርዓቱ አዲስ አይደለም፤ ኮርቻው ነው አዲስ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ላቀው ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «ሞተሩስ?» አሉ።

«ለሞተሩ በር ይሠራለታል» አለች ታንጉት ፈጠን ብላ። «ጠባብ። እየተጠማዘዘ የሚያስገባ። ሰው ሳይክሉን ስቦ ያልፋል፤ ሞተርና ባጃጅ አያልፍም።»

«ጠባብ በር ለማርያም ደጅ ይሆናል» አሉ አንድ ቄስ ከወዲያ። «እኛስ የምንሰብከው ጠባቡን አይደል?»

«በሩን የምሠራው ግን እኔ ነኝ» አሉ አያ ላቀው። «ከወይራ። እናንተ ከተሜዎቹ ብትሠሩት ሲኖትራክ ያሳልፋል።»

እንዲህ ሆነ። አያ ላቀው ከደኑ ወዲህና ወዲያ ሁለት በር አቆሙ፤ ራሳቸው በቅሏቸውን እየሳቡ ሞክረው፣ በቅሎዋ ሆዷ ገፍቶ አላልፍ ስትል ደስ ብሏቸው፣ «እሰይ፣ ልክ ነው!» አሉ ይባላል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ከፍኖተ ሰላም ሳይክለኛ ሁሉ ተጠራርቶ መጣ። መምህራን፣ ነርሶች፣ ከቡሬ የመጡ ሁለት የዱቄት ፋብሪካ ሠራተኞች፣ ጸጉሩን ያበጠረ አንድ የባንክ ልጅ። ሰርካለም ክንዷ ተፈትቶ ነበር፤ ግን ገና መንዳቱን ትፈራ ነበርና መሪጌታ ከጎኗ ሆኑ። ከሚካኤል በታች ያለው ቁልቁለት ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ። ተያዩ።

«እንውረድ መሰለኝ» አለች ሰርካለም።

«ቁልቁለትም ደጅ ነው፤ ይወረድለታል» አሉ መሪጌታ፤ ሳይክላቸውን እየሳቡ፣ እየሳቁ ወረዱት።

ደኑ በር ላይ አያ ላቀው በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ነጭ በነጭ ለብሰዋል። የባንኩ ልጅ ጆሮው ላይ ሙዚቃ ሰክቶ ሰተት ሊል ሲል በትሩ ፊቱ ተጋደመ።

«ውረድ ልጄ! አባቴም ወርዶ ነው ያለፈ።»

ልጁ ወረደ፤ ሙዚቃውንም ነቀለ። ሁሉም ተራ በተራ በጠባቡ በር ገቡ። በደኑ ውስጥ ጥላው ቀዝቃዛ ነው፤ ከጎማው መሽከርከርና ከጉሬዛዎቹ ዝላይ በቀር ድምፅ የለም። ታንጉት ፊት ሆና ትሄድ ነበር። ከወዲያኛው በር ስትወጣና ኮረኮንቹ እንደገና ከፊቷ ሲዘረጋ፣ ሐይቁ በስተ ግራዋ ሲያበራ፣ ሳይክሏን ጣለችና አጎቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ዞረ! ጋሼ፣ ዞረ እኮ!»

«ተይ፣ ጥምጥሜን!» አሉ መሪጌታ፤ ግን አላስለቀቋትም።

ወይዘሮ እህተ ማርያም ያዘጋጁት የበቆሎ እሸት ውሃው ዳር ተበላ። አያ ላቀው ከበሩ ዘበኝነታቸው አረፍ ሲሉ መጥተው፣ ማንም የማያያቸው መስሏቸው፣ የታንጉትን ሳይክል ኮርቻ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉ፤ «ይህ ነገር ኩንታል ይችላል?» ብለውም ጠየቁ። ታንጉት ልትመልስላቸው ስትል መሪጌታ ፀሐይዋን አይተው ብድግ አሉ። ተማሪዎቻቸው ሚካኤል ላይ ይጠብቃሉ።

«እንሸኝዎት» አለች ሰርካለም።

«ማዶ ድረስ?»

«ማዶ ድረስ።»

ሁሉም ተነሣ። መሪጌታን መካከል አድርገው፣ ዝዮቹን እያስነሡ፣ ኮረኮንቹን ሞልተው ወደ ሚካኤል ነዱ። ተማሪዎቹ ይህን ሁሉ ሳይክል ሲያዩ መጽሐፋቸውን አጥፈው ወጡ። አንዱ ልሞክር አለ፣ ሌላው ልያዝልህ አለ፣ ከቡሬ የመጡት ሰዎችም ኮርቻ ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። መሪጌታ «ከትምህርቱ ኋላ! ኋላ!» ቢሉ የሚሰማ ጠፋ። እሳቸውም ቢሆኑ ከአንዱ ተማሪ ኋላ ሆነው ኮርቻ ይዘው «ጎማውን አትየው!» እያሉ ሲሮጡ ታይተዋል። የዚያን ዕለት የቅኔው ጉባኤ የተዘረጋው ፀሐይ ልትጠልቅ ስታዘቀዝቅ ነው።